አዳም ረታን ደሴ ላይ አብሮ ለማንበብ

የደራሲ አዳም ረታን ሥራ ለውይይት የመረጠ ቡድን መጀመሪያ የሚቸግረው የመጽሐፍ እጥረት ነው። ስምንት ሰው፣ ሁለት ቅጂ። ያኔ ታሪኮቹን ተከፋፍሎ «አንተ ይቺን አንብብና ንገረን» መባባል ይመጣል። ይህን «እቴሜቴ ሎሚ ሽታ» በሚለው የአጫጭር ታሪኮች መድበሉ ላይ እንዳታደርጉት! አዳም አጻጻፉን ሕፅናዊነት ይለዋል፤ ምሳሌውም እንጀራ ነው። ዓይኖቹ ለየብቻ ይታያሉ፣ ሊጡ ግን አንድ ነው። እዚህ በጎን ያለፈ ሰው ወይም ዕቃ እዚያ ዋና ሆኖ ብቅ ይላል። አንዷን ታሪክ ብቻ ያነበበ ሰው ይህ ድንጋጤ አይደርሰውም፤ የሚያወራውም ስለ ቁራሹ ነው።

መጽሐፉ ይዙር። ሁለቱ ቅጂዎች በአምስት አምስት ቀን ቢዞሩ ስምንቱንም በ20 ቀን ያዳርሳሉ። ለአንድ ውይይት ሦስት ታሪክ ይበቃል። ደብተራችሁ መጨረሻ ላይ የሰውና የዕቃ ስም እየመዘገባችሁ ሂዱ። የገጽ ቁጥር ከእትም እትም ስለሚለያይ የታሪኩን ርዕስና የአንቀጹን የመጀመሪያ ቃላት መጻፍ ይሻላል። የግርጌ ማስታወሻ ካጋጠማችሁ አትዝለሉት፤ አዳም ጋ ግርጌውም ታሪክ ነው።

ስትገናኙ፣ ወሬ ከመጀመሩ በፊት አሥር ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ የተሰማውን ይጻፍ። ይህ ከቀረ ቀድሞ የተናገረው ሰው ስሜት የሁሉም ስሜት ይሆናል፤ በተለይ ተናጋሪው መምህር ወይም ታላቅ ከሆነ «እሱ እንዳለው» እየተባለ ይታለፋል። ዝምተኛው ይጀምር። «ምን ያስተምረናል?» የሚለው ጥያቄ ውይይቱን ወዲያው ወደ ምክር ይወስደዋል። «የቱ ጋ ስትደርሺ ተመልሰሽ ደገምሽው?» ብትሏት ግን መጽሐፉን ትገልጣለች። «አልገባኝም» ያለም ሰው ጥሩ መልስ ሰጥቷል፣ ቦታውን እስካሳየ ድረስ።

«ግራጫ ቃጭሎች» (1997) ረጅም ልብወለድ ስለሆነ በሦስት ስብሰባ ይከፈል። በዋናው ገጸ ባሕርይ በመዝገቡ የሚያዝን አለ፣ በመዝገቡ የሚበሳጭ አለ። ሁለቱም ስሜታቸውን ያመጣባቸውን አንቀጽ ጮክ ብለው ያንብቡ። ብዙ ጊዜ አንቀጹ አንድ ነው፤ እኔ ውይይት የምለው ከዚያ በኋላ ያለውን ነው።

ከኮምቦልቻ የሚመጡ ካሉ 8 ሰዓት ጀምራችሁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። በመንገዱ ያለው ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ከወረደ መኪና ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው፣ ልቡ መናኸሪያ የገባ ሰው ደግሞ አያዳምጥም። ከባዷን ታሪክ መጀመሪያ አድርጓት።