ዕርቁ የደሙ፣ ካሳው የልጆቹ

ወንድሜ የሞተው 2011 ዓ.ም. ጣርማ በር ላይ ነው። በግ ነጋዴ ነበር። ከመሐል ሜዳና ከሞላሌ ይገዛል፣ ደብረ ብርሃን አምጥቶ ይሸጣል። የዚያን ቀን ጠዋት ጉሙ ሰው ከሰው አያሳይም ነበር። መንገድ ዳር ቆሞ መኪና ሲጠብቅ፣ ቁልቁለቱን ይወርድ የነበረ ኢሱዙ ከመንገድ ወጥቶ ገጨው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ትቶ ሄደ።

በሠልስቱ ማግስት ሽማግሌዎች መጡ። የሹፌሩ አባት ድንጋይ በአንገታቸው ተሸክመው ደጃፋችን ላይ ተንበረከኩ። እውነቱን ለመናገር ያኔ አንጀቴ ተላወሰ። ለለቅሶው ወጪ 30,000 ብር ይዘዋል። የተዘጋጀ ወረቀትም ነበራቸው፤ የወንድሜ ሚስት እንድትፈርም።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ግን «አንብቡልኝ» አለች። ተነበበ። መጨረሻው ላይ «ከእንግዲህ በወንጀልም ሆነ በፍትሐ ብሔር ምንም ዓይነት ጥያቄ አናነሳም» ይላል። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ፣ «አባቶቼ፣ ደሙን ይቅር ብያለሁ። የልጆቹን እንጀራ ግን ይቅር ልል አልችልም፤ የኔ አይደለማ» አለች። ትንሽ ጉርምርምታ ነበር። በመጨረሻ ያቺ መስመር ተሰረዘች፣ ብሩም «ለለቅሶ ወጪ» ተብሎ ተጻፈ፣ ከዚያ ፈረምን። ዓመት ቆይቶ ያው ወረቀት ፍርድ ቤት ቀረበብን። «ታርቀዋል፣ ካሳ ተቀብለዋል» ተባልን። ያቺ ስርዝ ባትኖር ምን ይውጠን እንደነበር እንጃ።

እኔ ከሳሽ የምሆን መስሎኝ ነበር። ታላቅ ወንድሙ ነኝ፣ ትምህርት ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ለካ ሕጉ ወንድምን አይቆጥርም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2095 ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ለወላጆቹና ለልጆቹ ነው የሚሰጠው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ሌላውን ሰው፣ በሟች እጅ ይተዳደር የነበረ ቢሆንም እንኳ፣ በሩን ይዘጋበታል። ደስ የሚለው ግን ወንድም በውክልና መከራከር ይችላል። የወንድሜ ሚስት ወከለችኝና ፋይሉን ተሸክሜ መመላለስ ጀመርኩ። ክሱን የጻፈልን አንድ ጠበቃ ነው። የዳኝነት ገንዘብ መክፈል ስላልቻልን በደሃ ደንብ እንድንከስ ያመለከተልንም እሱ ነው።

ከዚያ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። ሽምግልና ላይ «መኪናው የኔ ነው» ብሎ የተቀመጠውን ሰውዬ ከሰስኩ። ሰውዬው ቀርቦ «ባለንብረት አይደለሁም» አለ። ሊብሬው፣ ማለትም የመኪናው የባለቤትነት ደብተር፣ ሲታይ እውነቱን ነው፤ መኪናውን በውል ገዝቶ ስም አላዛወረም። ክሱን እስክናሻሽል አራት ወር ሄደ። ሽማግሌ ፊት የተባለውን ትታችሁ ሊብሬው በማን ስም እንደሆነ መጀመሪያ አጣሩ። ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ከደረሰ ሁለት ዓመት ነው። አድራጎቱ ወንጀል ሲሆንና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ሲረዝም እሱ ይሠራል፤ ጠበቃችን ግን «በዚያ ተማምነህ እንዳትተኛ» ነበር ያለኝ።

ማስረጃ ማሰባሰቡ አድካሚ ነው። ጋብቻቸው በባህል የተፈጸመ ስለሆነ ወረቀት የለውም፤ በምስክር ተረጋገጠ። የልጆቹን የልደት ማስረጃ ከወሳኝ ኩነት አወጣን። የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ቦታ የነደፈበትን ፕላንና የአስከሬን ምርመራውን ውጤት በደብዳቤ አስመጣን።

ከሁሉም የከበደው ገቢውን ማሳየት ነበር። ፈቃድ የለው፣ የሒሳብ መዝገብ የለው። «በወር ስንት ያገኝ ነበር?» ሲባል ሁላችንም ዝም። አንድ ቀን ማታ የወንድሜ ሚስት ሳጥን ከፍታ የድሮ ጃኬቱን አወጣች። ኪሱ ውስጥ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት። የኮቴ ደረሰኝ ነው። ገበያ ላይ በጎቹን ሲያስገባ የከፈለበት፣ አንዱንም ሳይጥል ያስቀመጠው። ለምን እንዳስቀመጠው አላውቅም፤ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። ወለሉ ላይ ዘርግተን በየወሩ ለየናቸው። በግ የሚገዙት የምግብ ቤት ባለቤቶች ደግሞ ከአንድ በግ ስንት እንደሚያተርፍ መሰከሩ።

ፍርድ ቤቱ የወር ትርፉን 3,000 ብር አድርጎ ያዘ። ሲሶውን ለራሱ ይበላው ነበር ብሎ ቀነሰ። 2,000 ብር ቀረ። ትንሿ ልጅ 18 እስኪሞላት 14 ዓመት ነው፤ ሲባዛ 336,000 ብር።

ባለንብረቱ «ፍሬን እምቢ ብሎ ነው፣ ሹፌሩም አላጠፋም» ብሎ ተከራክሯል። አልሠራለትም። በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ «ጥፋት የለብኝም» ማለት አያድነውም። የሚያድነው የሟቹ ጥፋት ነው። ወንድሜ ከአስፋልቱ ውጪ መቆሙን ፕላኑ ያሳያል። 30,000ው ይቀነስልኝ ማለቱም «ለለቅሶ ወጪ» በምትለዋ ቃል ወደቀ።

የመድን ድርጅቱ የከፈለው 40,000 ብር ነው። ለሦስተኛ ወገን ሞት በጊዜው የነበረው ጣሪያ ያ ነበር። ቀሪውን 296,000 ባለንብረቱ ይክፈል ተባለ። እዚህ ላይ ጠበቃው ገና ክስ ሲመሠረት መኪናው እንዳይሸጥ እግድ ማስወጣቱ ጠቀመን። ፍርድ ሳይሰጥ ገዢ ተገኝቶለት ነበር፤ ስም ሊዛወር ትራንስፖርት ቢሮ ሲኬድ እግዱ አስቆማቸው። ካሳው ለልጆቹ በተከፈተ ዝግ ሒሳብ ገባ፤ እናታቸው ለቀለብ የሚሆን በየወሩ ታወጣለች።

አንድ ነገር ቀረ። ለኅሊና ጉዳት፣ ማለትም ለሐዘን፣ ፍርድ ቤቱ ለቤተሰቡ 1,000 ብር ፈረደ። ዳኛው ሳያዝኑ ቀርተው አይደለም። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፣ ቁጥር 2116 ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። ዛሬ አንድ የመንዝ ሙክት አይገዛም። የወንድሜ ሚስት ብሩን ተቀብላ ለእናቴ ሰጠቻት። እማዬ ቆጥራ፣ «ይኼ የምኑ ነው?» አለችኝ።

«የሐዘንሽ» ማለት ከበደኝ። «የትራንስፖርት ነው እማዬ» አልኳት።