ወርቁ ሳያልቅ የተዘጋው ማዕድን፦ የግራስ ቫሊ የጉዞ ማስታወሻ

ከአሜሪካዋ የካሊፎርኒያ ግዛት ዋና ከተማ ከሳክራሜንቶ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጣው መንገድ ሜዳውን ጨርሶ የሴራ ኔቫዳ ተራሮችን ግርጌ ሲነካ አፈሩ ይቀላል፤ ሣር የለበሰው ኮረብታም ቀስ በቀስ በጥድ ደን ይተካል። መቶ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ጥቂት ሲቀር የምትገኘው ግራስ ቫሊ መንገደኛ ብዙም ልብ ሳይላት የሚያልፋት ከተማ ናት። ኤምፓየር የተባለው የወርቅ ማዕድን ማውጫ ከ1850 እስከ 1956 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሠራው በዚህች ከተማ ዳርቻ ሲሆን፣ በዚያ ዘመን ውስጥ 5.8 ሚሊዮን አውንስ፣ ማለትም ወደ 180 ቶን የሚጠጋ ወርቅ ወጥቶበታል። እኔን ወደዚያ የወሰደኝ ይህን ያህል የሰጠ ማዕድን ለምን ተተወ የሚለው ጥያቄ ነበር። ወርቁ አልቆ ይሆናል ብዬ ነበር የሄድኩት፤ ስፍራው የሚነግረው ታሪክ ግን ሌላ ነው።

ቦታው ከ1975 ጀምሮ የካሊፎርኒያ ግዛት ፓርክ ነው። በጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ ከሁሉ አስቀድሞ ዓይን የሚይዘው ከመሬት በታች ያለውን ቁፋሮ በትንሹ መጥኖ የሚያሳየው ሞዴል ነው። በ1930ዎቹ መጨረሻ መሠራት የጀመረው ይህ ሞዴል ለዓመታት በተቆለፈ ክፍል ውስጥ በምሥጢር ተይዞ ነበር፤ የወርቁ መስመር ወዴት እንደሚያመራ ያየ ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚችል ለሚያስብ፣ ምክንያቱን መገመት አያስቸግርም። የመተላለፊያዎቹ ጠቅላላ ርዝመት 590 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁጥሩን አስቀድሜ አንብቤው የነበረ ቢሆንም ትርጉም የሰጠኝ ሞዴሉን ዙሪያውን ዞሬ ካየሁ በኋላ ነው።

የዚህ ሁሉ መነሻ ከ100 ሚሊዮን ከሚበልጡ ዓመታት በፊት ነው። ፋራሎን የተባለው ጥንታዊ የውቅያኖስ ወለል በሰሜን አሜሪካ ጠርዝ ሥር እየሰመጠ ሲገባ በጥልቁ ቅላጭ ዓለት ተፈጠረ፤ ቅላጩም ወደ ላይ ሲገፋ ከገጸ ምድር ሳይደርስ ቀዝቅዞ ግራኖዳዮራይት የሚባለውን ግራጫ ዓለት ሠራ። ከዚያ በኋላ በመሬት ውስጥ ያለው ግፊት ይህን ጠንካራ ዓለት ሰነጠቀው። በስንጥቆቹ ውስጥ ሽቅብ የወጣው እጅግ የጋለ ውኃ ሲሊካና ድኝ የተሸከመ ነበር፤ ወርቅ በተራ ውኃ አይሟሟም፣ ከድኝ ጋር ሲጣመር ግን ከውኃው ጋር ይጓዛል። ስንጥቁ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ይወርዳል፤ ሲሊካው ነጭ ኳርትዝ ሆኖ ይረጋል፣ ወርቁም ከውኃው ይለያል። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ የሆነ ነገር አይደለም፤ ስንጥቁ እየተዘጋና እየተከፈተ ኳርትዙ በላይ በላዩ ተነባብሯል።

የኤምፓየር የኳርትዝ ሥር ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ያጋድላል። ስለዚህ ዋናው ጉድጓድም እንደ እርሱ ያጋደለ ነው፤ በተዳፋቱ ሲለካ 3,355 ሜትር ይረዝማል፣ በቁም ጥልቀቱ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አብሮኝ የተጓዘው ወዳጄ በልጅነቱ የአዶላን ወርቅ አጣቢዎች በገበቴ ሲያጥቡ ያየ ሰው በመሆኑ፣ ወርቅ ሲባል የሚያስበው የጅረት አሸዋ ነው። ሁለቱ ነገሮች እንደሚገናኙ የተነጋገርነው እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን ነው፤ የጅረት ወርቅ ብዙውን ጊዜ እንዲህ ካለው የኳርትዝ ሥር በዝናብና በጎርፍ ተሸርሽሮ የወጣ ነው። በካሊፎርኒያም በ1848 በኮሎማ ጄምስ ማርሻል ያገኘው ወርቅ የጅረት ወርቅ ነበር፤ ለአንድ ሰው ገበቴና ጉልበት ይበቁት ነበር። ዓለት ውስጥ ያለው ግን ገንዘብ፣ ማሽንና ሙያ ይጠይቃል። በ1850 ኤምፓየር የቆመበትን ሥር ያገኘው ጆርጅ ሮበርትስ ድርሻውን በዓመቱ በ350 ዶላር መሸጡ ብዙ ጊዜ እንደ ሞኝነት ይነገራል፤ እኔ ግን አልፈርድበትም።

ሙያው የመጣው ከእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ከኮርንዎል ነበር። የኮርንዎል ሰዎች ለትውልዶች ቆርቆሮ ሲቆፍሩ የኖሩ በመሆናቸው ጠንካራ ዓለት መቦርቦርም፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ መሳብም ያውቁበታል፤ ግራስ ቫሊን የሞሏት እነርሱ ናቸው፣ በሥጋና በድንች የሚሞላው ፓስቲ የተባለው የተጋገረ ምግባቸውም ዛሬ ድረስ በከተማዋ ይሸጣል። ጎብኚ ጥቂት ደረጃዎች ወርዶ ሠራተኞቹ በሐዲድ ላይ በሚሄድ ጋሪ ተቀምጠው ወደ ጨለማው ይወርዱበት የነበረውን ጉድጓድ ማየት ይችላል። የወጣውን ዓለት እንደ ዘነዘና ከላይ የሚወድቁ ከባድ ብረቶች ይወቅጡታል፤ ከዱቄቱ ውስጥ ወርቁን ሜርኩሪ ይይዘዋል፣ ከ1910 ጀምሮ ደግሞ ሳያናይድ የተባለው ኬሚካል ከሜርኩሪው ያመለጠውን ለቀመ።

ማዕድኑ አብቅቶለታል የተባለው በ1956 ብቻ አልነበረም። በ1870ዎቹ መጨረሻም ባለሙያዎች ተስፋ ቆርጠውበት ነበር፤ ወጣቱ ዊልያም ቦርን ግን በጥልቀት መቆፈሩን ቀጠለ፣ ሀብትም አገኘበት። ከማዕድኑ በወጣ ዓለት ያሠራው ቤት በአትክልት መካከል አሁንም ቆሟል። ያማረ ቤት ነው፤ ከወቃጮቹ ጩኸት ምን ያህል ቅርብ እንደነበር ሳይ ግን ባለቤቶቹ እንዴት እንቅልፍ እንደወሰዳቸው ገረመኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዬ ልመለስ። የአሜሪካ መንግሥት በ1934 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋን ከ20.67 ዶላር ወደ 35 ዶላር ከፍ ሲያደርግ፣ ሌላው አገር በሥራ አጥነት ሲማቅቅ ግራስ ቫሊ ሥራ ነበራት። ያው የተወሰነ ዋጋ ግን በኋላ ማነቆ ሆነ። በጥቅምት 1942 ሰውና መሣሪያ ለጦርነቱ ወደሚያስፈልጉ ማዕድናት እንዲዞር በወጣ ትእዛዝ የወርቅ ማዕድናት ተዘጉ። ሰላም ሲሆን ኤምፓየር ቢከፈትም ደመወዝ፣ እንጨትና ድማሚት ተወድደው ወርቅ ብቻ እዚያው 35 ዶላር ላይ ቆመ። በ1935 ወርቅ የነበረው ዓለት በ1956 ድንጋይ ሆነ ማለት ነው፤ የተለወጠው ሒሳቡ ነው። በዚያው ዓመት የሠራተኞች አድማ ተጨመረበትና ሥራው ቆመ፤ በ1957 የውኃ መሳቢያዎቹም ጠፉ፣ መተላለፊያዎቹን ውኃ ሞላቸው።

አሁን የወርቅ ዋጋ ያኔ ከነበረው በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ ታዲያ ለምን አይከፈትም? ከወርቁ ጋር የወጣው አርሴኒክ የተባለ መርዝ በቆሻሻው ክምር ውስጥ ቀርቶ ፓርኩ አንዳንድ የእግር መንገዶችን ዘግቶ እስከማጽዳት ደርሷል፤ ከአሮጌው መተላለፊያ የሚፈሰው ውኃም የሚለቀቀው ተጣርቶ ነው። በአቅራቢያው ያለውን፣ እንደ ኤምፓየር ሁሉ በ1956 የተዘጋውን አይዳሆ ሜሪላንድን ለመክፈት አንድ ኩባንያ ጥያቄ ባቀረበ ጊዜ፣ ነዋሪዎች ማዕድኑን የሞላው ውኃ ሲሳብ የቤታቸው የውኃ ጉድጓድም አብሮ ይደርቃል ብለው ተቃወሙ፤ ግራስ ቫሊ የምትገኝበት የኔቫዳ ካውንቲ (የካሊፎርኒያ አስተዳደር ክፍል) ምክር ቤትም በፌብሩዋሪ 2024 ጥያቄውን በሙሉ ድምፅ ውድቅ አደረገው። በ1956 ማዕድኑን የዘጋው ወርቁን ለማውጣት የሚከፈለው ወጪ ነበር፤ አሁን በወጪው መዝገብ ላይ ቀድሞ ማንም ያልጻፈው የጎረቤት ውኃ ተጨምሮበታል፣ በእኔ ግምት መጻፉም ተገቢ ነው።