ከእሸት ቡና የሳሎን ተክል ማብቀል

ቡናን በቤት ውስጥ ከዘር ለማብቀል የተነሳ ሰው ከአፈሩና ከማሰሮው በፊት ሊያስብበት የሚገባው የዘሩ ትኩስነት ነው። የቡና ዘር እንደ ስንዴ ደርቆ ለዓመታት የሚቀመጥ አይደለም፤ እርጥበቱ ከልክ በላይ ሲቀንስ በውስጡ ያለው ሽል ይሞታል፣ እንደ ነገሩ ከተቀመጠም በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣል። ከገበያ የሚሸመት ጥሬ ቡና መጋዘን ውስጥ ምን ያህል እንደቆየ ስለማይታወቅ፣ ሲፈለፈልም ሊጎዳ ስለሚችል፣ እኔ የተጠቀምኩት ዘመዶቼ ከጅማ አካባቢ የላኩልኝን በደንብ የቀላ እሸት ቡና ነው።

ቀዩን ልጣጭ በእጄ ፈልፍዬ ውሃ ውስጥ ከከተትኩት በኋላ የተንሳፈፈውን ጣልኩ። የቀረውን አሳድሬ፣ የሚያዳልጠው ዝልግልግ ነገር እስኪለቅ በአሸዋ አሽቼ አጠብኩትና ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ ወንፊት ላይ አሰጣሁት። ከዚያም ግማሹን ከነቅሽሩ (ዘሩን ከሸፈነው ደረቅ ልባስ ጋር) ትቼ የሌላውን ግማሽ ቅሽር በጥንቃቄ አነሳሁለት። ቅሽሩ ጠንካራ ስለሆነ ቡቃያውን ያዘገየዋል፤ የተላጠው ቀድሞ ወጣ፣ ሥራው ለጥፍር አድካሚ ቢሆንም ይክሳል።

ዋናው ፈተና ብርዱ ነበር። እሸቱ የሚለቀምበት ወቅት በአዲስ አበባ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሊወርድ ከሚችልባቸው ወራት ጋር ይገጣጠማል፤ ዘሩ ግን ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ይወዳል። ስለዚህ የደን አፈርና አሸዋ ቀላቅዬ፣ ዘሩን በስንጥቁ በኩል ወደ ታች ደፍቼ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ከቀበርኩ በኋላ ዕቃውን በላስቲክ ሸፍኜ ሞቅ ከሚለው የፍሪጅ አናት ላይ አስቀመጥኩት። እስኪወጣ ድረስ ብርሃን አያስፈልገውም።

ቡቃያው ዘሩን በአናቱ ተሸክሞ ቀጥ ሲል የክብሪት እንጨት ይመስላል። በዚህ ሁኔታ ሳምንታት ስለሚቆይ ቤተሰብ «ይሄ ነገር ሞቷል» ማለት ይጀምራል፣ የተክሉ ባለቤትም የዘሩን ሽፋን በጣቱ ሊገፍፈው ይቃጣዋል፤ ውስጡ የተጣጠፉት ቅጠሎች አብረው ስለሚቀደዱ ግን ውሃ እየረጩ መተው ይሻላል። ሽፋኑ ሲወድቅ የሚዘረጉት ሁለት ቅጠሎች ክብ ናቸው፣ ጠርዛቸው ይሞገዳል፤ በኋላ ከሚመጡት ሹልና አንጸባራቂ ቅጠሎች ጋር ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ችግኙን ወደ ጠለቅ ያለ ማሰሮ ያዛወርኩት በዚሁ ጊዜ ነው፤ ዋናው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ስለሚሄድ፣ ታጥፎ ከተተከለ ችግኙ ለጊዜው ቢለመልምም ውሎ አድሮ ይቀጭጫል። ቡና በተፈጥሮው በዛፍ ጥላ ሥር የሚኖር በመሆኑ ቦታውን ምሥራቅ በሚያይ መስኮት፣ ከስስ መጋረጃ ጀርባ አደረግሁለት። አረቢካ የተባለው የቡና ዓይነት ራሱን ስለሚያዳቅል አንድ ተክል ብቻውን ሊያፈራ ይችላል፤ ሆኖም አበባው ከ3 ወይም ከ4 ዓመት በፊት እምብዛም አይጠበቅም፣ ጀበና የሚሞላ ፍሬ ከአንድ ማሰሮ የሚጠብቅም ቅር ይለዋል።