ስድስቱ ሂሳብ

ሐሙስ ጠዋት ነው። አንድ ደንበኛ ደውሎ «በኅዳር በተስማማንበት ሂሳብ ነው የምንከፍለው» አለኝ። እሺ አልኩ። ስንት ነበር ግን? ትዝ አይለኝም። ግሩፕ ላይ ስለተጻፈ ብዙም አልተጨነቅኩም።

እዚህ ላይ ነው የተሸወድኩት።

መሥሪያ ቤታችን ሁለት የመጻጻፊያ ቦታ አለው። አንዱ ድሮም የነበረው የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ሌላው ስላክ ነው። አዲስ አበባ ያለው ዋናው ቢሮ መስከረም ላይ «ከዛሬ ጀምሮ የሥራ ጉዳይ ሁሉ እዚህ ነው» ብሎ አስገባን። ገባን። ቴሌግራሙን ግን ማንም አልዘጋውም። አለቃዬ ስላክ ላይ ይጠይቃል፣ ሾፌሩ ቴሌግራም ላይ ይመልሳል፣ እኔ መሀል ላይ ተላላኪ ሆኛለሁ። ባለፈው እሁድ እዚሁ ሐዋሳ፣ አሞራ ገደል ዓሣ እየበላሁ፣ ዳጣ በነካው እጄ ከአንዱ ወደ ሌላው ኮፒ ሳደርግ ነበር። ሦስተኛም ቦታ አለ፤ ኢንቦክስ። ዋና ዋናው ነገር የሚያልቀው እዚያ ነው።

የስላክ ስም የእንግሊዝኛ ምህጻረ ቃል ነው አሉ፤ «ተፈልጎ የሚገኝ የንግግርና የዕውቀት ሁሉ መዝገብ» እንደማለት። በ2013 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ከመውጣቱ በፊት፣ የኮምፒውተር ጌም የሚሠሩ ሰዎች ለራሳቸው ያበጁት መጻጻፊያ ነበር። ጌሙ አልተሳካም፣ መጻጻፊያው ቀረ። ተፈልጎ የሚገኝ! ሁለቱም ጋ መፈለጊያው ላይ «ሂሳብ» ብዬ ጻፍኩ። የራሴ መልእክቶች ብቻ ተደረደሩ።

ቆይቶ ነው የገባኝ። እኔ «ሂሳብ» ብዬ ነው የምጽፈው። አለቃዬ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው፤ «ግዕዙ ሐሰበ ነው» እያለ «ሒሳብ» ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ይላል። ገንዘብ ያዣችን ደግሞ «ሒሣብ» ይላሉ። ሂ፣ ሒ፣ ኂ። ሳ፣ ሣ። ሲባዛ ስድስት። ስናወራው አንድ ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ የሚባለው የኮምፒውተሮች የፊደል መዝገብ ውስጥ ሲገባ ግን ለእያንዳንዱ የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለማሽኑ ሂ እና ሒ እንደ ለ እና መ ባዳ ናቸው። ሾፌራችንማ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚጽፈው፣ እሱን ተዉት። በመተግበሪያው ላሳብብ ፈልጌ ነበር፣ አላስኬደኝም።

በስንት ሙከራ የገንዘብ ያዣችን መልእክት ተገኘ፦ «ሒሣቡን በቮይስ ልኬዋለሁ።»

ቮይስ! አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ማዳመጫ ሰክቼ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ሰላምታ። የእናታቸው ጉልበት። መብራት መጥፋቱ። ፒያሳ እየሄዱ ነው የቀዱት መሰለኝ። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ «እንግዲህ የተስማማነው ሰማንያ…» ሲሉ አንድ ባጃጅ ጡሩምባውን ለቀቀው። አምስቴ ሰማሁት። ሰማንያ ምን? ፍጥነቱን ቀንሼ ሞከርኩ፤ ባጃጁ እንደ ላም እምቧ አለ እንጂ ቁጥሩ አልወጣም።

ደወልኩላቸው።

«እትዬ፣ የኅዳሩ ሂሳብ ስንት ነበር?»

«ልኬልሃለሁ እኮ የኔ ልጅ! አልሰማኸውም?»

«ሰምቼዋለሁ። እስቲ ሁሉም እንዲያየው ግሩፑ ላይ በጽሑፍ ይላኩልኝ።»

«በጽሑፍ?» አሉ፣ ዕቃ ተሸከሙልኝ ያልኳቸው ይመስል።

ግን ላኩት። «የኅዳር ሒሣብ 86,400 ብር።» ወዲያው ሦስት አውራ ጣት ተደረደረበት። ፒን አደረግኩት። ስክሪንሾት አንስቼ ስላክ ላይም ለጠፍኩት። እፎይ ብዬ ወንበሬ ላይ ስደገፍ ስልኬ ጮኸ። ሾፌሩ ነው፣ በዚያው በእንግሊዝኛ ፊደሉ።

«የትኛው ኅዳር?»