ነፃ ነው ከተባለ በኋላ

የእህቴ ልጅ በቅርቡ ሁለት ዓመት ይሞላዋል። እህቴ ኤችአይቪ በደሟ አለ። ልጁ ነፃ ነው። ይህን የምጽፈው እሷው ፈቅዳልኝ ነው። አንብባ "ይሄን አውጪው፣ ይሄ ግን ይግባ" ብላ ያስተካከለችውም አለ።

ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳያልፍ ስለሚከላከለው መድኃኒት የሚናገር ሞልቷል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሕክምና ከሌለ ቫይረሱ በእርግዝና፣ በወሊድና በጡት ወደ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ከ15 እስከ 45 በመቶ ነው። እናት መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ከወሰደች፣ ልጅም የሚገባውን ካገኘ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ዚዶቩዲን የተባለው መድኃኒት ብቻውን መተላለፉን በሁለት ሦስተኛ ገደማ እንደሚቀንስ ሲታወቅ ዓለም ጉድ አለ። ዛሬ ለቫይረሱ ተጋልጠው ነፃ ሆነው የሚያድጉ ልጆች ከ15 ሚሊዮን በላይ ናቸው። የእኛው አንዱ ነው።

እስኪረጋገጥ ድረስ ያለፍንበትን ግን እኛ እናውቀዋለን። እንደተወለደ ቫይረሱ እንዳይዘው የሚከላከል ኔቪራፒን የሚባል ሽሮፕ ተጀመረለት። ሰዓቱ እንዳያልፍ ሌሊት ላይ እንኳ ማንቂያውን ደጋግሜ አየው ነበር። በ6 ሳምንቱ ተረከዙን ወግተው ደሙን በወረቀት ላይ አንጠባጠቡ፤ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ዲኤንኤ ፒሲአር የሚባለው ምርመራ ነው። ተራው ምርመራ የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው፤ ለጨቅላ አይሆንም። የእናት ፀረ እንግዳ አካላት በልጁ ደም ውስጥ እስከ 18 ወር ድረስ ሊቆዩ ስለሚችሉ፣ ልጁ ነፃ ሆኖ ሳለ "አለበት" ሊል ይችላል። ስለዚህ የመጨረሻው መልስ የሚመጣው ቆይቶ፣ ጡት ካቆመ በኋላ ነው። መልሱ መጣ። "እንኳን ደስ አላችሁ" ተባልን፣ ካርዱ ተዘጋ፣ እኔና እህቴ ኮሪደሩ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን።

ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ቀጠሮ ልጁ ተመዝኗል። መድኃኒቱ ተጠይቋል። "ስሙን ስትጠሩት ይዞራል? የሚፈልገውን በጣቱ ያሳያል? ስንት ቃል አለው?" ብሎ የጠየቀን ግን አልነበረም። በባለሙያዎቹ አልፈርድም፤ ከበሩ ውጭ የሚጠብቀውን ሰው አይቼዋለሁ። ቅጹ ላይ ቦታው የለም። ቅጹ የሚጠይቀው ቫይረሱን ነው፤ ልጁን አይደለም።

የእኛ ልጅ ደግሞ ዝምተኛ ነበር። ይራመዳል፣ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ቃል ግን ከአፉ አይወጣም። "ወንድ ልጅ አፉ ይዘገያል" ይሉናል። አንዳንዱ ይዘገያል፣ እውነት ነው። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የልጁ ዝምታ ብቻ አልነበረም። ቤቱ ራሱ ዝም ብሎ ነበር።

ምስጢር ያለበት ቤት ድምፁ ይቀንሳል። እህቴ ከባሏና ከእናታችን ጋር ነው የምትኖረው። ባሏ ያውቃል፣ እማዬ አታውቅም። መድኃኒቱ ሌላ ዕቃ ውስጥ ተገልብጦ ይቀመጣል። የስልኩ ማንቂያ ድምፁ ጠፍቶ በንዝረት ነው። ሁለቱ ሲያወሩ በሹክሹክታ ነው፤ እማዬ ስትገባ ያቆማሉ። ከዚያ ላይ ድባቴው ተጨመረ። እህቴ ልጇን ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ታስተኛለች፤ አንድም ነገር አታጎድልበትም። ግን ያለ ቃል። ሲጮህላት ታነሳዋለች፣ አታናግረውም። "ደክሞኛል" ትላለች ስጠይቃት። ድካም ብቻ አልነበረም።

የልጅ አእምሮ በመጀመሪያው ዓመት መጠኑ እጥፍ ገደማ ይሆናል። በ3 ዓመቱ የአዋቂን 80 በመቶ ያህል ይደርሳል። በዚህ ጊዜ የነርቭ ሴሎች እርስ በርስ የሚያያዙት ልጁ በሚያየው፣ በሚሰማውና በተለይ በሚመለስለት ነገር ነው። ልጅ "ባ" ሲል አዋቂ ዓይኑን አይቶ "ባ! ኳሷን አየሃት?" ካለው፣ ልጁ እንደገና ይሞክራል። ይሄ ቅብብል ነው ቋንቋን የሚሠራው። ደጋግሞ ጠርቶ መልስ ያጣ ልጅ መጥራቱን ይቀንሳል። ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ ቢለፈልፍ አይተካውም፤ ቴሌቪዥን አይመልስለትምና።

በደቡብ አፍሪካ ድራከንስታይን በሚባል አካባቢ ልጆችን ከእርግዝና ጀምሮ የሚከታተል ትልቅ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ውጤት፣ ተጋልጠው ነፃ የሆኑ ልጆች 2 ዓመት ሲሞላቸው በቋንቋ የመዘግየት ዕድላቸው ካልተጋለጡት ከፍ ያለ ነበር። ሰው የሚላቸውን በመረዳትም፣ ራሳቸው በመናገርም። በቦትስዋና የተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በአብዛኛው ልዩነት አላገኘም። አብዛኞቹ ልጆች ደህና ሆነው ያድጋሉ ማለት ነው፤ ይሄን አንባቢዬ እንድትይዝልኝ እፈልጋለሁ። ለሚዘገዩትም ምክንያቱ አንድ አይደለም። ያለ ጊዜ መወለድ አለ፣ የእናት ሕመም አለ፣ ችግር አለ፣ ድባቴ አለ። መድኃኒቱን ለማቆም የሚያበቃ ምክንያት ግን የለም። "መድኃኒቱ ይሆን እንዴ ልጄን የጎዳው?" ብላ ለማቆም የምታስብ እናት ካለች፣ እባክሽ አታቁሚ። ቫይረሱ ወደ ልጁ ካለፈ ገና በጨቅላነቱ አእምሮው ውስጥ ይገባል። ያ ጉዳት ከዚህ ሁሉ የከፋ ነው።

ልቤን የነካው ግን ከዩጋንዳ የወጣው ሥራ ነው። ማይክል ቦይቪን የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ እዚያ ገጠር ውስጥ ለተንከባካቢዎች ለአንድ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ ሥልጠና ሰጡ። ሥልጠናው ፕኒና ክላይን ከተባለች ምሁር የመጣ ነው። መጫወቻ አይገዛም። እናትየው ወይም አያትየው ልጁን ስታጥብ፣ ስታለብስ፣ ዕቃ ስታነሳ የምታደርገውን ነው የሚለውጠው። መጀመሪያ የልጁን ዓይን መያዝ። የሚያየውን በስም መጥራት፣ በድምፅም ስሜት መስጠት። ከሌላ ከሚያውቀው ነገር ጋር ማያያዝ። ሲሳካለት ምን እንዳሳካ ነግሮ ማበረታታት። ሥራውን በቅደም ተከተል እንዲሠራው መርዳት። እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት፣ ተጋልጠው ነፃ የሆኑት ልጆች ስለ ጤናና አመጋገብ ብቻ ከተማሩት ቤተሰቦች ልጆች ይልቅ በቋንቋ ተሻሽለው ታዩ። ቫይረሱ ባለባቸው ልጆች ላይ በተደረገው ተመሳሳይ ሙከራ ደግሞ የተንከባካቢዎቹ ድባቴ ቀንሶ ተገኘ። ውጤቱ በሁሉም ጥናት እኩል አልወጣም። እኔ ግን ከእጃችን የማይርቅ ነገር መሆኑን ወድጄዋለሁ።

ቤታችን ውስጥ ያደረግነው ይሄው ነው። ካልሲ ስናለብሰው "አንዱ እግር ገባ፣ ሌላው የት ሄደ?" እንላለን፤ ከዚያ ዝም ብለን እንጠብቀዋለን። መጠበቁ ነው የከበደን። አዋቂ ጠይቆ ራሱ ይመልሳል። ልጅ ግን ጊዜ ይፈልጋል፣ ቃሉ ባይመጣ እግሩን ያነሳል፣ እሱም መልስ ነው። ባሏ ማታ ማታ ስልኩን ሌላ ክፍል ይተወዋል። ጆሮውንም አስመረመርነው፤ በደንብ የማይሰማ ልጅ በደንብ አይናገርም፣ የእኛው ደግሞ ጆሮው እየቆሰለ ያስቸግረው ነበር። ታከመ። ደሙንም አሳየን፣ የአይረን እጥረት አእምሮን ስለሚጎዳ። በነገራችን ላይ ሁለቱንም ራሳችን ካልጠየቅን ማንም አያዝልንም ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን እህቴ ነበረች የምትቀድመው። ሰው "ልጅሽን አጫውቺው" ሲላት እሷ ሌላ ዕዳ የተጫነባት ያህል ነበር የሚሰማት። እውነቷን ነው፤ እንቅልፍ የሌላት፣ በፍርሃት የምትኖር ሴት ከየት አምጥታ ትሳቅ? ስለዚህ መጀመሪያ ሌሊቱን ተካፈልንላት። ከዚያ መድኃኒቷን የምትወስድበት ቦታ ላለችው አማካሪ ነርስ ሁሉንም ነገረቻት፤ ማልቀሷንም፣ አለመተኛቷንም። ሲስተር ድባቴን የሚያክም ባለሙያ ጋ ላከቻት። እየታከመች ነው። አንድ ቀን ገላውን ስታጥበው ስትዘፍንለት ሰማሁ። ከወለደች ወዲህ ስትዘፍን ሰምቼያት አላውቅም።

እማዬ እስካሁን አታውቅም። መንገርና አለመንገር የእህቴ መብት ነው፣ ጊዜውንም የምትመርጠው እሷ ናት። ግን እማዬን ልጁን እንድታጫውት ለመጠየቅ ምስጢሩን መንገር አላስፈለገንም። "ቃል ዘግይቶበታል፣ አንቺ ደግሞ ወሬ ታውቂያለሽ" አልኳት። በቃ፣ ይሄው ነው። አሁን ከጠዋት እስከ ማታ ታወራለታለች፤ የልጅነቷን ታሪክ ሳይቀር።

ልጁ አሁን የሚቆጠሩ ቃላት አሉት። ኳስ፣ ውሃ፣ "ሂድ"፣ የእኔም ስም በእሱ አጠራር። በ2 ዓመት ላይ የሚጠበቀው ሁለት ቃል ማገናኘት ነው፣ "ውሃ ስጪ" እንደማለት። እዚያ ገና አልደረሰም። የሕፃናት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ይዘንለታል፤ የሚላቸውን ቃላት፣ የሚገባውን ትእዛዝ፣ በጣቱ የሚያሳየውን ሁሉ እህቴ በደብተር እየጻፈች ነው። ካርዱ ላይ ቦታ ከሌለ ደብተሩን ይዘን እንገባለን።