«ገንዘቤን ወስደህ ቧጨርክልኝ»

አዳማ ውስጥ ሲሊንደር ቦሪንግ (ፒስተን የሚመላለስበትን የሞተር ቀዳዳ በማሽን ማስፋት) የሚሠራ ሰው ከደንበኛ ጋር የሚጣላው በዋጋ ይመስላችኋል። እኔን ያጣላኝ ጭረት ነው።

ጋሼ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ባጃጃቸው ዘይት መብላት ጀመረ። ሲሊንደሩን ቦሪንግ ሠራሁ፣ ሆኒንግ አድርጌም፣ ማለትም የውስጥ ግድግዳውን በመሞረጃ ድንጋይ ፈትጌ፣ አስረከብኩ። ድንጋይ የነካው ብረት ሁሉ ጭረት አለው፤ ቁም ነገሩ ጥልቀቱና አቅጣጫው ነው። ሆኒንግ ግድግዳው ላይ 45 ዲግሪ ገደማ የሚቋረጡ ቀጫጭን ጭረቶች ይተዋል። ጥልቀታቸው በማይክሮን ይለካል፣ በሚሊሜትር አንድ ሺኛ ማለት ነው። የጋሼ ዓይን ግን አላለፋቸውም።

«ምንድን ነው ይሄ? ድመት ገባችበት?»

«ጋሼ፣ ዘይት የሚይዘው እሱ ነው።»

«እሺ» አሉ። ያ «እሺ» የስምምነት አልነበረም።

ማታ ልጃቸውን አስቀምጠው መጀመሪያ በብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በጥርስ ሳሙና (እውነቴን ነው፣ ሽታው አልለቀቀም ነበር) ፊት እስኪያሳይ አስወለወሉት። ከዚያ ሌላ ጋራዥ ወስደው አስገጠሙ።

ባጃጁ ከፍራንኮ ተነስቶ ፖስታ ቤት እስኪደርስ ሰማያዊ ጭስ በጭስ። አራት ስትሮክ ሞተር እኮ ነው፣ ዘይት ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ የሚነድበት አይደለም! ተሳፋሪዋ በነጠላዋ አፍንጫዋን ይዛ መንገዷ ሳይጋመስ «ወራጅ አለ!» አለች።

ጋሼ በቀጥታ እኔ በር ላይ ገተሩት። «ገንዘቤን ወስደህ ቧጨርክልኝ! ልጄ ባያስተካክለው ጭራሽ ይነድ ነበር!»

አስረዳሁ። አዲስ ሪንግ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) የጭረቶቹን ጫፍ እየላገ ነው ከግድግዳው ጋር የሚላመደው፤ ጎድጓዳው ደግሞ ዘይት ይይዛል። መስታወት ላይ ሪንጉ ይንሸራተታል እንጂ አይገጥምም፣ ዘይቱም አልፎ ወደ ላይ ይወጣና ይቃጠላል። ሊስትሮው፣ ቡና የምታፈላው ልጅ፣ መንገደኛው ሁሉ ከቦናል። ጋሼ ወደ ሰዉ ዞረው «የሚፋተገው የለሰለሰ ነው የሻከረ? ፍረዱኝ!» ሲሉ ሁሉም ወደ እሳቸው አጋደለ። እንዲህ ሲጠየቅ እኔም ብሆን ለሳቸው እፈርዳለሁ።

ያዳኑኝ ከባጃጁ ኋላ ሳይወርዱ የቀሩት እትዬ ናቸው። «አንተ ሰውዬ፣ ወፍጮም እኮ ልሙጥ ሲሆን ይወቀራል! እናትህ ስትወቅር አላየህም?»

ወፍጮ ዘይት አይዝም፣ ግን በዚያ ሰዓት ማን ያርማቸዋል! ሰዉ በአንዴ ተገለበጠ።

ሪንግ አስገዝቼ ሲሊንደሩን እንደገና በስሱ ሆኒንግ ሳደርግ ጋሼ አጠገቤ ቆመው «ደህና አድርገህ ቧጭረው እንጂ፣ በነጻ መሰለህ?» ይሉኛል። ሂሳብ ላይ ስንደርስ ግን የጥርስ ሳሙናውን ዋጋ ካልቀነስክ ብለው ድርቅ አሉ።