ሁለት ጊዜ የተወጉት እትዬ
ባለፈው ሳምንት ለስልጠና ኮምቦልቻ ወርጄ ነበር። ከደሴ በሹራብ ነው የወጣሁት። የሐረጎን ቁልቁለት ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ላብ በላብ ሆኛለሁ።

ስልጠናው ሥራ ላይ በደም ከሚተላለፉ በሽታዎች ስለመጠንቀቅ ነው። አልዋሽም፣ አበሉን አስቤ ነው የሄድኩት። ስምንት ዓመት መርፌ ክፍል ለሠራ ሰው ምን አዲስ ነገር ይነግሩታል?

አሠልጣኙ «በመርፌ ተወግቶ የሚያውቅ?» ሲል ተያየን። ቀስ እያለ የግማሹ እጅ ወጣ። የእኔም። እኔ የተወጋሁት ክዳኑን ልመልስ ስል ነው። ያኔ ጣቴን ጨምቄ ደሙን አፈሰስኩ፣ በረኪና ደፋሁበት፣ ለማንም ሳልናገር ሥራዬን ቀጠልኩ። ለካ ሁሉም ስህተት ነው። ክዳን አይመለስም። ቁስሉ አይጨመቅም፣ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል። ከዚያ ወዲያው መናገር ነው፤ የኤችአይቪ መከላከያው መድኃኒት ቶሎ፣ ቢዘገይ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ 28 ቀን ይወሰዳል። እኔ ወራት ሙሉ እንቅልፍ አጥቼ ነበር እኮ!

ደግሞ የምንፈራውንም አናውቅም። ኤችአይቪ ካለበት ሰው መርፌ ቢወጋን የመያዝ ዕድሉ ከ1000 3 ገደማ ነው። ጉበት የሚያጠቃው ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ክትባት ያለው ደግሞ ይኸኛው ነው።

በር አጠገብ የጽዳት ሠራተኛችን እትዬ ተቀምጠዋል። እጃቸውን አውጥተው፣ «እኔ ሰው ወግቼ አላውቅም። ሁለት ጊዜ ግን ተወግቻለሁ» አሉ።

የሳቀም ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ መዘጋት አለበት፤ የእኛው መርፌው እንደ ጃርት እስኪወጣ ይጠቀጠቃል። አንዳንዱም ከጥጥና ከፋሻ ጋር ተራ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። ያን ከረጢት የሚያነሱት እሳቸው ናቸው።

«ክትባቱ ለእኛም ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ለእናንተም ነው እንጂ! ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ ቢጀምሩ ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር» አለ አሠልጣኙ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጡ። በጣታቸው ወር ይቆጥራሉ። ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲጀምር፣ «ልጄ፣ አንደኛዋ መርፌ ከእናንተ ክፍል ነው የመጣችው» አሉኝ። ሹራቤን መልሼ ለበስኩ። መልስ አልነበረኝም።

ሰኞ ጠዋት አብረን ሄደን ተከተብን።